ጾሙና መፍቻው

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በሽሎ በሰሜን፣ ዓባይ በምዕራብ ምድሩን ሰንጥቀው በሚያልፉበት ከፍተኛ አገር ላይ የመካነ ሰላም ከተማ ትገኛለች። በቀድሞው የአስተዳደር አከፋፈል ቦረና አውራጃ ይባል የነበረው ይህ አገር፣ ከአማራ ሳይንትና ከለጋምቦ ደጋ ጋር ተያይዞ ሲታይ፣ በታሪኩ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጐልተው ይገኛሉ፤ እነርሱም ጾምና ራብ ናቸው። ጾም ሰው ወዶ የሚገባበት ሥርዓት ሲሆን፣ ራብ ግን ሳይወድ የሚወድቅበት መከራ ነው። በምክንያትም በክብርም ሁለቱ እጅግ ይለያያሉ። ይሁን እንጂ ሰውነት ከማጣት ወደ ማግኘት የሚሻገርበት ሰዓት በሁለቱም ዘንድ ጥንቃቄ የሚሻ ሰዓት ነው። ሕዝቡ ለዚህ መሻገሪያ ያበጀውን ሥርዓትና የሕክምና ጥናት ዘግይቶ የደረሰበትን እውነት አስተያይቶ መመልከት፣ ዛሬ በከተማ ለሚታይ አንድ ስውር ችግር መፍትሔውን ያመለክታል።

ችግሩ ይህ ነው። ውፍረቱን ለመቀነስ የቈረጠ ሰው ቁርሱን ይተዋል፤ ምሳውንም በቡና ያልፈዋል። ማታ ከቢሮ ወይም ከመንገድ ሥራ ካምፕ ሲመለስ ግን ማቆም እስኪያቅተው ድረስ ይበላል፤ ብዙ ጊዜም ብቻውንና በድብቅ ነው። በማግሥቱ ተጸጽቶ ገደቡን ያጠብቃል፤ ባጠበቀ መጠንም የማታው አበላል ይብስበታል። ወራት እንዲህ ሲያልፉ ክብደቱ ይቀንሳል ሲባል ይጨምራል፤ ለራሱ ያለው ግምትም ይወድቃል። ሰው ለእንዲህ ያለው ወንድሙ የሚሰጠው ስም «ሆዳም» የሚል ነው። ራብ ብዙ ሕዝብ በፈጀበት አገር ደግሞ ከመጠን በላይ ስለ መብላት መናገር ነውር ይመስላል። ስለዚህ ችግረኛው ዝም ይላል፤ ዝም በማለቱም ከሐኪም ይርቃል። የራብ ታሪክ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ይህ ሰው ከሆዳሙ ይልቅ ለተራበው የሚቀርብ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩን ከጾሙ መጀመር ተገቢ ነው። መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የኖረበትና በስሙ የሚጠራው የጋስጫ ገዳም የሚገኘው በዚሁ በቦረና ምድር ነው። ጥንታዊቷ ተድባበ ማርያምም በሳይንት ትገኛለች። እንዲህ ባሉ ገዳማትና አድባራት ዙሪያ የኖረው ምእመን፣ ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ የወሰነውን የጾም ሥርዓት ከልጅነቱ ጀምሮ እየተማረ ያደገ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ጾመ ነነዌ 3 ቀን ይጾማል። የነቢያትና የሐዋርያት ጾም፣ ገሃድ፣ እንዲሁም የረቡዕና የዓርብ ጾም ሲጨመሩ፣ እንደ ጿሚው ትጋት፣ የዓመቱ የጾም ቀናት ከ180 እስከ 250 ይደርሳሉ። በእነዚህ ቀናት ከጥሉላት መከልከል ብቻ ሳይሆን እስከ ተወሰነ ሰዓት ድረስ እህልና ውሃ አለመቅመስም አለ።

ይህ ሥርዓት የተሠራው ነፍስን ለመግራት እንጂ ክብደት ለመቀነስ አይደለም። ቢሆንም በአሠራሩ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ጾሙ መግቢያውም መውጫውም የታወቀ ነው፤ ማንም በገዛ ቊጣው ዛሬ ጀምሮ ነገ አያጠብቀውም። ሁለተኛ፣ ጾሙ የጋራ ነው፤ ጐረቤት ከጐረቤቱ ጋር ይጾማል፤ በአንድነትም ይፈታል። ሦስተኛ፣ መፍቻው ራሱ ሥርዓት አለው። በትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ የተመለሰው ጿሚ በብዙ ቤት ወደ ዶሮው ወጥ ከመቸኰሉ በፊት ተልባ ይጠጣል፤ ይህም ለረጅም ጊዜ ጥሉላት ያልቀመሰውን ሆድ ለማለስለስ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናትም የረቡዕና የዓርብ ጾም የለም፤ ከታላቁ ጾም የወጣው ሰውነት ረዥም የዕረፍት ጊዜ ያገኛል።

ከክርስቲያኑ ጋር በአንድ መንደር የሚኖረው የወሎ ሙስሊምም የረመዳንን ጾም የሚፈታው በዚሁ በለዘብታ መንገድ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በተምርና በውሃ ያፈጥራል፤ ሰግዶም ወደ ማዕዱ ይቀርባል። የሁለቱ ሃይማኖቶች ሕግ የተለያየ ቢሆንም፣ የተራበ ሆድ በአንድ ጊዜ እንዳይሞላ መጠበቁ ግን የጋራቸው ነው። እርግጥ ነው፣ ሥርዓቱ ሁልጊዜ አይከበርም። በቅበላ ሰሞን «ነገ አይገኝም» እየተባለ የሚበላውና በፋሲካ ማግሥት ብዙ ሰው ሆዱን የሚያመው፣ መከልከልና ማብዛት ጐን ለጐን የሚሄዱ መሆናቸውን ይመሰክራሉ።

ሁለተኛው ነገር ራብ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት እልቂት ያስከተለው «ክፉ ቀን» ወሎንም አልማረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው ራብ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ለመውደቅ ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የበልጉም የክረምቱም ዝናብ በመጥፋቱ ደጋውና ቈላው በአንድነት ተጐዳ። በበልግ ገብስ የሚኖረው ደገኛ ጐተራው ባዶ ሲሆን የሚያስጠጋው አልነበረም። በመጠለያ ጣቢያዎች የተሰማሩ የጤና ሠራተኞች ከሚጠነቀቁባቸው ነገሮች አንዱ፣ ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰው ምግብ ባገኘ ጊዜ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይበላ ማድረግ ነበር። ባዶ የቈየ ሰውነት በድንገት ሲሞላ በደሙ ውስጥ ያሉት ፎስፈረስና ፖታሲየም ይወርዳሉ፤ ልብም ሥራዋን ልታቆም ትችላለች። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በጽኑ የተጐዱ ሕፃናት በመጀመሪያ ኤፍ 75 የተባለውን ቀለል ያለ ወተት፣ ቈይቶም ኤፍ 100 የተባለውን ጠንከር ያለ ወተት፣ በጥቂት በጥቂቱና ቶሎ ቶሎ እንዲያገኙ ያዘዘው ስለዚህ ነው። ቀስ በቀስ የሚለው የአባቶች ምክር በሳይንስም ጸና።

ራብ በሰውነት ላይ ብቻ ሳይሆን በአእምሮ ላይ የሚያደርሰው ምን እንደሆነ በጥልቀት የተጠናው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ በተቃረበበት ጊዜ፣ በኅዳር 1937 ዓ.ም.፣ አንሰል ኪስ የተባለው ሊቅ ለተራበው የኤውሮፓ ሕዝብ የሚበጅ ዕውቀት ለማግኘት ምርምር ጀመረ። ስለ ሕሊናቸው ጦር መሣሪያ አንይዝም ካሉ ከ200 በላይ ፈቃደኞች መካከል በአካልም በአእምሮም ጤነኞች የሆኑ 36 ወጣቶች ተመረጡ። ለ12 ሳምንታት በደንብ ከበሉ በኋላ፣ ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ወደ ግማሽ ገደማ እንዲቀንስ ተደረገ፤ ድንች፣ ጥቁር ዳቦና መኰረኒ በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣቸው ነበር። በሳምንትም 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዱ ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ።

በአስተሳሰባቸው ላይ የታየው ለውጥ ግን ከክብደታቸው መቀነስ ይልቅ አስደናቂ ነበር። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ ከዚህ በፊት ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁ ወንዶች የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ፤ ሳህናቸውን ላሱ፤ ከጓደኞቻቸው ተለዩ፤ ተቈጡ፤ ተከዙ። አንዳንዶቹ ደንቡን ጥሰው በድብቅ በሉ፤ ከበሉም በኋላ በብርቱ ተጸጸቱ። ገደቡ በተነሣ ጊዜ በቀን ከ5,000 ካሎሪ በላይ በልተው «አልጠገብንም» የሚሉ ነበሩ፤ የሰውነታቸው ስብም ለጊዜው ከቀድሞው በለጠ። ኪስና ጓደኞቹ ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1950 በሁለት ጥራዝ አሳተሙት። ከምርምሩ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ልጓም ያጣ አበላል ጠባየ ብርቱ ለሆነ ሰውም ቢሆን የረጅም መከልከል ውጤት ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው ይህን እውነት ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት። አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ስታንካርድ በውፍረት ከሚቸገሩት መካከል አንዳንዶቹ በአጭር ሰዓት ውስጥ ብዙ እየበሉ ኋላ እንደሚጸጸቱ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጀራልድ ራስል በለንደን፣ ከዚህ አበላል በኋላ ራሳቸውን የሚያስመልሱትን ሕሙማን ሁኔታ ገለጸ። ከሁለት ዓመት በኋላም ክሪስቶፈር ፌርበርን በኦክስፎርድ ሐሳብንና ልማድን በንግግር የሚያርም ሕክምና አቀረበ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ልጓም ያጣ አበላልን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ የመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በመዝገቡ መሠረት ሰው በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ሌሎች ከሚበሉት እጅግ የሚበልጥ ሲበላ፣ ማቆም እንደማይችል ሲሰማው፣ በዚህም ሲጨነቅ፣ ነገሩም ለሦስት ወር በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሲደርስ ሕመም ይባላል። ስለዚህ በበዓል ቀን አብዝቶ የበላ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም።

የሰውነት አሠራርም ለዚህ ምስክር ነው። ስብ ሌፕቲን የተባለውን ንጥረ ነገር፣ ጨጓራም ግሬሊን የተባለውን እንደሚያመነጩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1999 ነው። የመጀመሪያው ስንቅ መኖሩን፣ ሁለተኛው ራብ መድረሱን ለአንጎል ያስታውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከአውስትራሊያ የወጣ አንድ ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት በጠባብ ገደብ ክብደታቸውን የቀነሱ ሰዎች ከዓመት በኋላም የራብ ምልክታቸው ከፍ እንዳለ መቈየቱን አሳይቷል። በቧንቧ የሚወርድን ውሃ ቫልቩን በድንገት በመዝጋት ማቆም የሚፈልግ መሐንዲስ የለም፤ የተገታው ውሃ ቧንቧውን እንደሚመታ ሁሉም ያውቃል። ቫልቭ ቀስ ተብሎ ይዘጋል፤ ሰውነትም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ መላው ከታሪኩ ይወጣል። በሕክምናው ልምድ የመጀመሪያው እርምጃ ምግብን ማጥበቅ ሳይሆን ማስተካከል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ መመገብና በመካከሉ ሁለት ጊዜ ያህል ጥቂት ነገር መቅመስ ይመከራል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ከአራት ሰዓት በላይ ማሳለፍ ግን አይገባም። ለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ምግብ አያሻም፤ የደጋው በሶ፣ ቆሎና ንፍሮ፣ የምስርና የሽሮ ወጥም ይበቃሉ። ሁለተኛው፣ የበሉትን፣ ሰዓቱንና በዚያ ጊዜ የነበረውን ስሜት መጻፍ ነው፤ የመስክ ደብተር መያዝ ለለመደ ባለሙያ ይህ አዲስ ሥራ አይሆንም። ከሳምንታት በኋላ ችግሩ የሚመጣበት ሰዓት፣ ድካሙ ወይም ብስጭቱ ከጽሑፉ ይነበባል። ሦስተኛው፣ ዳግመኛ ቢደርስም በማግሥቱ ቁርስን አለመዝለል ነው፤ ቅጣቱ ራሱ የሚቀጥለውን ውድቀት ያዘጋጃልና። ዘወትር መመዘንም ልብን ሊያደክም ስለሚችል በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ይህ ሕክምና ብዙዎችን ከልጓም የለሽ አበላል ያወጣል፤ ክብደትን ግን በራሱ ብዙ አይቀንስም። ውፍረት ለጤና የሚያሰጋው ሰው ክብደቱን የመቀነሱን ሥራ አበላሉ ከረጋ በኋላ፣ በሐኪም ምክርና በዝግታ ሊጀምረው ይገባል። ራሱን የሚያስመልስ ወይም በትካዜ የተያዘ ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያሻዋል።

በመጨረሻ የጾም ነገር ይነሣል። በዚህ ችግር የተያዘ ምእመን ጾሙን ውፍረት ለመቀነሻ ምክንያት ቢያደርገው ጾሙንም ጤናውንም ያጣል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀልላለች፤ እስልምናም ለታመመና ለመንገደኛ ይፈቅዳል። ስለዚህ ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ወይም ለሼኩ፣ እንደዚሁም ለሐኪሙ መግለጥ የሚያሳፍር አይደለም። የወሎ ደጋ ሕዝብ ከጾምና ከራብ የተማረው፣ ከማጣት የሚወጣ ሰው በለዘብታ መቀበል እንዳለበት ነው። ከቢሮ ጓደኞቹ መካከል አንዱ ምሳውን ሲዘልል የሚያይ ባልደረባም፣ ፌዙን ትቶ «እስቲ አብረን እንብላ» ቢለው፣ ሕዝቡ ሲያደርገው የኖረውን ያደርጋል።