«ጎሽ» እና የአንድ ስም ረጅም ጉዞ

ለእንስሳት ስም ማውጣት ከቋንቋ ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ መስሎ ይታያል። እንስሳው በዐይን ይታያል፤ ስሙም በሕዝቡ አፍ ይገኛል። ይሁን እንጂ ከውጭ ቋንቋዎች ወደ አማርኛ በሚተረጐሙ ጽሑፎች «ጎሽ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ እንስሳትን ሊወክል ይችላል። አንደኛው የአፍሪካው አውሬ፣ ሁለተኛው በእስያ የሩዝ ማሳ የሚያርሰው የቤት እንስሳ፣ ሦስተኛው ጠጕራሙ የሰሜን አሜሪካ የዱር ከብት ነው። መደባለቁ ከአማርኛ የመነጨ ሳይሆን ከምንተረጕምባቸው ቋንቋዎች የተወረሰ በመሆኑ፣ በቅድሚያ የስሙን ታሪክ እንመልከት። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ከቡባሎስ እስከ ባፈሎ

እንግሊዝኛው «ባፈሎ»፣ ፈረንሳይኛው «ቡፍል»፣ ጣሊያንኛው «ቡፋሎ» የሚመዘዙት ከላቲኑ «ቡባሉስ» ሲሆን፣ ላቲኑም ከግሪኩ «ቡባሎስ» የተወሰደ ነው። የግሪኩ ቃል በመጀመሪያ ያመለክት የነበረው ግን የከብት ዓይነት ሳይሆን፣ ከአገራችን ቆርኬ ጋር አንድ ወገን የሆነውን የሰሜን አፍሪካ እንስሳ ነበር። ሮማዊው ሊቅ ታላቁ ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ፣ ያልተማረው ሕዝብ የጀርመንን ዱር በሬ ቡባሉስ እያለ መጥራቱን ይነቅፋል፤ የስሙ ባለቤት ጥጃና ዋላ የሚመስለው የአፍሪካ እንስሳ መሆኑንም ያስረዳል።

የፕሊኒ ተግሣጽ ሰሚ አላገኘም። የእስያው እንስሳ በመካከለኛው ዘመን ጣሊያን ሲደርስ ስሙን ወረሰ። አውሮፓውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ በተሻገሩ ጊዜም ለዚያው አገር የዱር ከብት ሰጡት። በደቡብ አፍሪካ የተጓዘው ስዊድናዊ ስፓርማን በ1779 ለአፍሪካው አውሬ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት፣ ይህም በአውሮፓ ቋንቋዎች የዚያው ስም ተጋሪ ነበር። የመጀመሪያው ባለቤት፣ የሰሜን አፍሪካው ቆርኬ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት ከምድር ጠፍቷል።

፪. ሦስቱ እንስሳት

የሥነ እንስሳት ሊቃውንት ሦስቱን በሦስት የተለያዩ ወገኖች ይመድቧቸዋል። የአፍሪካው ጎሽ ፈጽሞ ለማዳ ሆኖ አያውቅም፤ የሣር ምድሩ ዓይነት 52 ክሮሞሶም አለው። የእስያው ከ5,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ የሰው አገልጋይ ነው፤ ያርሳል፣ ይታለባል፣ ሥጋውም ይበላል። የወንዙ ዓይነት 50፣ የረግረጉ ዓይነት 48 ክሮሞሶም አላቸው። የአሜሪካው ግን እንደ ቤት ከብት 60 ክሮሞሶም ስላለው ከላም ጋር ይዳቀላል፤ በዝምድና ከጎሽ ይልቅ ለላም ይቀርባል። ከ30 እስከ 60 ሚሊዮን ይገመት የነበረው ቍጥሩ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአደን ምክንያት ከ1,000 በታች ወርዶ ነበር። በ2016 የአሜሪካ ሕግ ብሔራዊ አጥቢ እንስሳ አድርጎ ሲሠይመው የጠራው «ባይሰን» ብሎ እንጂ «ባፈሎ» ብሎ አይደለም።

ዐረቦች በበኩላቸው የእስያውን እንስሳ «ጃሙስ» ይሉታል። ቃሉ የፋርስኛው «ጋውሜሽ» ሲሆን፣ ላምና በግ የሚሉ ሁለት ቃላት ተጣምረው የፈጠሩት ነው። እንስሳው ከነስሙ ከምሥራቅ መጣ፤ ስለዚህ የሌላ እንስሳ ስም መበደር አላስፈለገም።

፫. የአማርኛው «ጎሽ»

በአማርኛ «ጎሽ» ከጥንት ጀምሮ የአንድ እንስሳ ስም ነው። ከቆዳው ጋሻ፣ ከቀንዱ ዋንጫ ይሠራ ነበር፤ የገደለው አዳኝም ይከበርበት ነበር። «ጎሽ ለልጇ ስትል ተወጋች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ትርጉም የሚሰጠው ቃሉ አስፈሪውንና አይበገሬውን አውሬ ሲያሳስብ ብቻ ነው። ለምስጋናና ለማበረታቻ የምንለው «ጎሽ!» ደግሞ በመዝገበ ቃላት ራሱን ችሎ መግባት ይኖርበታል፤ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የአንድ ግንድ ማስረጃ አይሆንምና።

የእንስሳው ዕጣ የቃሉንም ዕጣ ይነካል። በ1887 በምጽዋ በኩል የገባው፣ ሕዝባችን በማባበል ስም «ደስታ» ያለው የከብት በሽታ፣ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ ከማስከተሉም በላይ በአፍሪካ ብዙ የጎሽ መንጋ ፈጅቷል። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። ዛሬ በአገራችን ጎሽ በይበልጥ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ፣ እንደ ኦሞ፣ ማጎ፣ ጋምቤላና ጨበራ ጩርጩራ ባሉ ፓርኮች ነው። አብዛኛው የአማርኛ ተናጋሪ እንስሳውን የሚያውቀው በቃል ብቻ ሆኗል። ተርጓሚው «ገበሬው ጎሹን ጠምዶ አረሰ» ብሎ ሲጽፍ፣ አውሬውን አይቶ የማያውቀው ተማሪ ስሕተቱን የሚያርምበት ነገር የለውም፤ ቃሉን የሚሞላው በእስያው ለማዳ እንስሳ ይሆናል። ያን ጊዜ ምሳሌው ራሱ ባዶ ይሆናል።

፬. የምናቀርበው ሐሳብ

«ጎሽ» ያለ ቅጽል ለአፍሪካው እንስሳ ብቻ ይጠበቅ። ለእስያው «የውሃ ጎሽ» የሚለው አጠራር የተለመደ በመሆኑ ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ቅጽሉ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ለማሳጠር ተብሎ መጣል የለበትም። ስለ ግብፅና ስለ ዐረብ አገሮች በሚጻፍበት ጊዜ «ጃሙስ» የተሻለ ነው። ለአሜሪካው «ባይሰን» ይባል። ተርጓሚው «ባፈሎ» የሚል ቃል ሲያጋጥመው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የቃሉን አቻ ሳይሆን የታሪኩን አገር ነው፤ አገሩ ከታወቀ እንስሳው ይታወቃልና።

ፕሊኒ ልማድን ሊገታ አልቻለም፤ በእርሱ ቋንቋ ስሙ አስቀድሞ ተዘዋውሮ ነበርና። በአማርኛ ግን «ጎሽ» ገና ከባለቤቱ አልተለየም። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ተርጓሚ ዛሬ ቢተባበሩ በኋላ ለማረም የሚያስቸግረውን ነገር አስቀድመው ሊከላከሉት ይችላሉ።