የሕጉ ባለቤት ማነው፣ የፋይሉስ?

ከዳላስ በስተሰሜን የምትገኘው የአና ከተማ የሕንፃ ደንቧን ራሷ አላረቀቀችም። እንደ ብዙዎቹ የአሜሪካ ከተሞች፣ አንድ የሙያ ማኅበር አዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሞዴል ደንብ ሕግ አድርጋ ተቀበለች። ፒተር ቪክ የተባለ የሰሜን ቴክሳስ ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንኑ ደንብ በኮምፒውተር ፋይል በ72 ዶላር ገዛና ጽሑፉን ገልብጦ በድረ ገጹ አወጣው። ማኅበሩ የቅጂ መብቴ ተጣሰ ሲል ሙግት ተነሣ። በ2002 የአምስተኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በሙሉ ችሎት፣ 9 ለ6 በሆነ ድምፅ፣ ሞዴሉ የማኅበሩ ቢሆንም ሕግ ሆኖ የጸደቀው ቃል ግን የሕዝብ ነው ብሎ ወሰነ።

የተቃዋሚዎቹ ዳኞች ሥጋት ቀላል አልነበረም፤ ደንብ ማርቀቅ ባለሙያና ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሽያጩ ከቀረ ማን ያረቅቃል? አብዛኛዎቹ፣ ማኅበራቱ ደንባቸው ተቀባይነት እንዲያገኝ የራሳቸው ጥቅም አላቸው ሲሉ መለሱ። ጊዜም ያደላው ለእነርሱ ይመስላል፤ ሞዴል ደንቦች ዛሬም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳሉ።

ፍርዱ ግን የመብትን ጥያቄ እንጂ የመሣሪያን ጥያቄ አልፈታም። የቧንቧን ስፋት የሚወስነውን ሠንጠረዥ ማባዛት ቢፈቀድም፣ ፋይሉን የሚከፍተው የአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ንባቡ በኩባንያው ፈቃድ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የፎርት ዎርዙ ተወካይ ማርክ ቪዚ በተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁዋን ሂኖሆሳ በሴኔት፣ የቴክሳስ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ዝርዝሩ በይፋ በታተመ፣ ያለ ክፍያ በሚገኝና ከአንድ በላይ አቅራቢ በሚሠራበት ክፍት ቅርጸት እንዲቀመጥ የሚያዝ ረቂቅ አቀረቡ። አልጸደቀም። የመለወጫው ወጪ በዛሬ በጀት ላይ ይወድቃል፤ ተጠቃሚው የነገ አንባቢ ግን በምክር ቤት ድምፅ የለውም።

ኢትዮጵያውያን ይህን ዋጋ ያውቁታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የጋራ ቁጥር እስኪያገኝ፣ ፕሮግራም ሠሪዎች ለ«ሀ» የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደንብ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅ ይሆናል። ዩኒኮድም አሮጌውን ፋይል በራሱ አልለወጠውም። ጸሐፊው ሲጽፍ ያልከፈለውን ዋጋ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አዛምዶ መቀየሪያ የሚሠራ ሌላ ሰው በኋላ ከፈለው።