ቢትሬት፦ አንድ ሰዓት ቪዲዮ ስንት ሜጋ ይበላል?

እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ኔትፍሊክስ ደብቆት የኖረ ነገር ወጣበት። በኤቲ ኤንድ ቲ እና በቬራይዘን የሞባይል መስመር ፊልም የሚያዩ ደንበኞቹን፣ ሳይነግራቸው፣ ከአምስት ዓመት በላይ በዝቅተኛ ጥራት ሲያሳያቸው መቆየቱን ለዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ አመነ። ኩባንያው እንዳለው ምክንያቱ ለደንበኛ ማሰብ ነበር፤ ሁለቱ የስልክ ድርጅቶች የወር ዳታውን በጨረሰ ሰው ላይ ተጨማሪ ሂሳብ ይጭኑ ስለነበር፣ ተመልካቹ በቢሉ ደንግጦ ፊልሙን እርግፍ አድርጎ እንዳይተው ነው። የተቀመጠው ጣሪያ በሰከንድ 600 ኪሎቢት ነበር።

ከ2008 ጀምሮ ዋና መሥሪያ ቤቱን ዳላስ መሀል ከተማ ያደረገው ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ደንበኞቼ ሳያውቁና ሳይፈቅዱ ይህ እንዴት ይደረጋል ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። እሱም ያኔ «ያልተገደበ» ብሎ በሸጠው ዳታ ላይ ፍጥነት ይቀንሳል ተብሎ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ ነበርና።

ያ 600 የሚለው ቁጥር የሚለካው ነገር ቢትሬት ይባላል፤ አንድ ቪዲዮ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያስተላልፈው የመረጃ መጠን ነው። ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ባለሙያዎች ቃሉን እንዳለ ይጠሩታል። በአማርኛ «የቢት ፍሰት» ቢባል ያስኬዳል። «የቢት ፍጥነት» የሚለው ለትርጉም የቀረበ ቢመስልም ከኔትወርክ ፍጥነት ጋር ያምታታል፤ ሁለቱ ደግሞ የተለያዩ ናቸው። የኔትወርክ ፍጥነት የቧንቧው ስፋት ነው፤ የቢት ፍሰት ግን ቪዲዮው በየሰከንዱ ከዚያ ቧንቧ የሚቀዳው ውሃ።

ሰው ግራ የሚጋባው የስልክ ድርጅት ፓኬጁን በባይት እየሸጠ፣ የቪዲዮ ፍሰት ደግሞ በቢት ስለሚለካ ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት፣ ማለትም በ3,600 ሰከንድ፣ 3,600 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ ለስምንት ሲካፈል 450 ሜጋባይት ይሆናል። ይህን 450 የያዘ ሰው ሌላውን በማባዛት ብቻ ይደርስበታል። የኔትፍሊክስ 600 ኪሎቢት በሰዓት 270 ሜጋባይት ነው። ዩቲዩብ ለየጥራቱ ያስፈልጋል ብሎ የሚመክረው የመስመር ፍጥነት ለ360 ጥራት 0.7 ሜጋቢት፣ ለ720 ደግሞ 2.5፣ ለ1080 ሙሉ ኤችዲ 5፣ ለፎርኬ 20 ነው። በዚህ ሂሳብ የመጀመሪያው በሰዓት 315 ሜጋባይት፣ ሙሉ ኤችዲው 2.25 ጊጋ፣ ፎርኬው 9 ጊጋ ይደርሳል። ምክሩ መጠባበቂያ ስላለው እውነተኛው ፍጆታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያንሳል፤ በጥራቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ተመሳሳዩ ድራማ፣ ተመሳሳዩ አንድ ሰዓት፣ የሂሳቡ ልዩነት ግን ብዙ እጥፍ።

ወደ ንግድ ኮሚሽኑ ክስ ሲመለሱ ቁጥሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኤቲ ኤንድ ቲ በ2010 ያልተገደበውን ፓኬጅ ለአዲስ ደንበኞች መሸጥ አቆመ፤ ቀድሞ የገዙት ግን ይዘውት ቀጠሉ። ከ2011 ጀምሮ ከእነዚህ መካከል ብዙ የሚጠቀሙትን ፍጥነት መቀነስ ያዘ፤ ኮሚሽኑ በ2014 ባቀረበው ክስ መሠረት አንዳንዱ በወር 2 ጊጋ ሲያልፍ ነበር መስመሩ የሚንቀረፈፍበት። ሁለት ጊጋ በሙሉ ኤችዲ ሂሳብ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ነገሩ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን ነክቷል ተብሎ በ2019 ኩባንያው 60 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ክሱ ገና ሳይቋጭ ገደቡ ቦታ ቀየረ። ኤቲ ኤንድ ቲ በ2017 ባስጀመረው «ስትሪም ሴቨር» የቪዲዮው ፍሰት በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ገደማ ላይ ይያዝ ነበር፤ በ450 ሲባዛ በሰዓት 675 ሜጋባይት ነው፣ ጥራቱም 480 አካባቢ። ደንበኛው ከፈለገ ሊያጠፋው ይችል ነበር። ሌላው የስልክ ድርጅት ቲሞባይልም በ2015 በዚሁ ልክ ጀምሮ ነበር። ዛሬም በአሜሪካ በርካሽ የሚሸጡ ብዙ «ያልተገደበ» ፓኬጆች ጊጋውን ትተው የቪዲዮውን የቢት ፍሰት ይገድባሉ። በዳላሱ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ተራውን እየጠበቀ ኳስ የሚያይ የኡበር ሹፌር ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ የተጫዋቹ ማሊያ ቁጥር ከደበዘዘበት፣ ስልኩን ከመክሰሱ በፊት የፓኬጁን ውል ቢያይ ይሻለዋል።

በዳላስና በአዲስ አበባ መካከል ደግሞ ነገሩ የቤተሰብ ጨዋታ ነው። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ያለው ልጅ የእህቱን ሰርግ ዩቲዩብ ላይ ጭኖ ሊንኩን ይልካል፤ እሱ ያየው በቤቱ ዋይፋይ በትልቅ ቴሌቪዥን ነው። እናት ደውለው «ሙሽራዋ ሳትገባ ፓኬጁ አለቀብኝ እኮ» ይላሉ። «እማዬ፣ ጥራቱን 360 አድርጊው» ይላል ልጅ። እናት ጥራት የሚቀየርበትን ምልክት ፈልገው እስኪያገኙ ሌላ ካርድ ይሞላል።

እናትየው የገረማቸው፣ ኔትወርኩ «ጥሩ» በሆነበት ቀን ፓኬጁ ይበልጥ ቶሎ ማለቁ ነው። ትክክል ናቸው። ዛሬ ቪዲዮ በየጥቂት ሰከንዱ እየተቆራረጠ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ ጥራት ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ስልኩ መስመሩን እየለካ የሚችለውን ያህል ከፍ ያለውን ይመርጣል። መስመሩ ሲደክም ወደ 144 ይወርዳል፣ ምስሉ ይጨማለቃል፣ ዳታውም ይተርፋል፤ ፎርጂው ሲጠነክር 1080ን እያነሳ ይውጣል። ማንም በጣቱ የነካው ነገር የለም።

የሚታየውም ነገር ልዩነት ያመጣል። ካሜራው ቆሞ አንድ ሰባኪ ብቻ የሚታይበት ምስል ከአንዱ ቅጽበት ወደ ሌላው ብዙ አይለወጥም፤ ስለዚህ በትንሽ ፍሰት ይሸከሙታል። ትከሻ የሚወዛወዝበት፣ ጥልፍ የሚያብረቀርቅበት እስክስታ ግን በተመሳሳይ 720 እንኳ ብዙ ቢት ይጠይቃል። ኔትፍሊክስ ለእያንዳንዱ ፊልም የራሱን የፍሰት ልክ ማውጣት የጀመረው በ2015 ነው፤ ቀላል የካርቱን ፊልም በ1.5 ሜጋቢት ሙሉ ኤችዲ ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ያኔ አሳይቷል።

ያ የ2016 ውዝግብ ለተመልካች የተወለት አንድ ጥቅም አለ፤ ኔትፍሊክስ በዚያው ዓመት በሜይ ወር መቆጣጠሪያውን መተግበሪያው ላይ አስቀመጠው። ዛሬ በሞባይል ዳታ ክፍሉ «ሴቭ ዳታ» የሚለው ሲመረጥ 1 ጊጋ ስድስት ሰዓት ገደማ ያህል ያሳያል። ዩቲዩብም በቅንብሩ ውስጥ ለሞባይል ኔትወርክ ብቻ «ዳታ ሴቨር» ማድረግ ያስችላል፤ ዋይፋይ ላይ ጥራቱ እንደነበረ ይቀጥላል። መዝሙር ወይም ዜና ለማዳመጥ ብቻ ቪዲዮ የሚከፍት ሰው ደግሞ 144 ላይ ቢያወርደው ድምፁ ይሰማዋል፤ ፍሰቱን የሚበላው ምስሉ ነው።