የገና ጨዋታ ቡድን፦ ወጣት ተጫዋቾች የሚመዘኑበትና የሚሰለፉበት መንገድ

የገና ጨዋታ ወቅት በፎገራ ሜዳ ከሩዝ ምርት መሰብሰቢያ ጋር ይገጥማል። ክረምት ላይ ከርብና ከጉማራ ወንዞች በሚወጣው ውኃ የሚጥለቀለቀው መሬት በኅዳርና በታኅሣሥ ደርቆ ለእግር ይመቻል። አጨዳው ያለቀለት ማሳም ለሩር መምቻ የሚበቃ ሰፊ ሜዳ ይኾናል። በዚህ ወቅት ቡድን የሚያዋቅር ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል፤ ከወጣቶቹ ማን ተስፋ አለው? ማንስ ከማን ጋር ቢሰለፍ ይበጃል? የመጀመሪያው ጥያቄ በችኮላ ከተመለሰ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ዱላውን ጥሎ ይቀራል። ሁለተኛው ያለ ጥናት ከተመለሰ ደግሞ ጎበዝ ተጫዋቾች ተሰብስበው ደካማ ቡድን ይኾናሉ።

ጨዋታውና ዘመዶቹ

ገና ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩርን እየመቱ ወደ ተቃራኒ ወገን ዳርቻ የማሻገር ጨዋታ ነው። ሩር ከጠንካራ እንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ ትሠራለች፤ የእንጨቷን ጥንግ የሚሉም አሉ። በትውፊቱ ጨዋታው የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በበትራቸው ከተጫወቱት ጨዋታ ጋር ይያያዛል። የሚዘወተረውም ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 በሚከበረው የልደት በዓል ሰሞን ነው። ቡድኖቹ በልማድ የሚከፈሉት በሰፈር፣ በላይ ቤትና በታች ቤት ወይም ባገቡና ባላገቡ ነው። የሜዳው ስፋትም ኾነ የተሰላፊው ቁጥር በመንደሩ ስምምነት ይወሰን ነበር።

ዛሬ ገና ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከፈረስ ጉግስና ከሌሎችም ጋር በኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ካሉ የውድድር ዓይነቶች አንዱ ነው። ክልሎች የሚገናኙበት አገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድርም ይካሄዳል። በመኾኑም በአንድ ቀበሌ ሜዳ የታየ ወጣት በወረዳ፣ በዞንና በክልል በኩል አልፎ አገር አቀፍ መድረክ ላይ የሚደርስበት መንገድ አለ።

የገና የቅርብ ዘመድ የሜዳ ሆኪ ነው። በሜዳ ሆኪ እያንዳንዱ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ 11 ተጫዋቾችን ያሰልፋል፤ ተጫዋች የመቀየር ቁጥርም ገደብ የለውም። ጎረቤት ኬንያ በ1971 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በተካሄደው የዓለም ዋንጫ አራተኛ ወጥታለች። በካናዳና በሰሜን አውሮፓ የሚዘወተረው የበረዶ ሆኪ ደግሞ 1 ግብ ጠባቂ፣ 2 ተከላካዮችና 3 አጥቂዎች በአንድ ጊዜ ወደ ሜዳ ይገባሉ። ሦስቱ አጥቂዎች እንደ አንድ መስመር ይታያሉ፤ አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ተጫውተው ቦታውን ለሌላ መስመር ይለቃሉ። ስለዚህ በበረዶ ሆኪ አሠልጣኝ የሚመዘነው የትኛውን ሦስት ሰው አንድ ላይ እንዳሰለፈ ጭምር ነው። ይህ ትምህርት ለገና ቡድንም ይሠራል።

ቁመት የሚያሳስተው ለምንድን ነው?

ወጣት ሲመለመል በብዛት የሚሠራው ስሕተት ቀድሞ ያደገውን ልጅ የተሻለ ተሰጥኦ ያለው አድርጎ መቁጠር ነው። በ14 እና በ15 ዓመት ዕድሜ አንዱ ልጅ ጎልማሳ መስሎ ሌላው ገና ሕፃን ሊመስል ይችላል። በካናዳ ወጣት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረገ ጥናት በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት በምርጥ ቡድኖች ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ በዝተው እንደሚገኙ አሳይቷል። ምክንያቱ የልደት ወር ተሰጥኦ መስጠቱ አይደለም፤ በአንድ የዕድሜ ምድብ ውስጥ በጥቂት ወራት የሚበልጠው ልጅ ገዘፍ ብሎ ስለሚታይ ይመረጣል፤ ከተመረጠ በኋላ ደግሞ የተሻለ ሥልጠና ያገኛል፤ በመጨረሻም በእርግጥ የተሻለ ይኾናል። የተተወው ልጅ ግን ያንን ዕድል አያገኝም።

በገጠር ይህ ችግር ይብሳል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመኾኑ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ወጣቶች ዕድሜያቸውን የሚያውቁት በወላጅ ግምት ወይም በክርስትና ቀን ነው። ለውድድር ሲባል ዕድሜን መቀነስም በብዙ አገሮች የታየ ፈተና ነው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ እንዲመረመር ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። በቀበሌ ደረጃ እንዲህ ያለ መሣሪያ ባይኖርም የትምህርት ቤት መዝገብን ማየትና ወላጅን መጠየቅ ይቻላል። ዕድሜው የተቀነሰለት ወጣት የሚወስደው የሌላውን ልጅ ቦታ ነው።

ገበሬ ሩዝን በመጀመሪያው አረም ወቅት ባለው ቁመት አይፈርድበትም፤ ዛላው እስኪወጣና ፍሬው እስኪሞላ ይጠብቃል። ለወጣት ተጫዋችም ቢያንስ ሁለት የገና ወቅት ሳይታይ የመጨረሻ ፍርድ ባይሰጥበት ይመረጣል።

የሚመዘኑ ነገሮች

መመዘኛው ከጉልበት በፊት ዓይንን ያስቀድማል። ሩር ሳትደርሰው በፊት ቀና ብሎ ጓደኛው የት እንዳለ የሚያይ ልጅ፣ ሩር ከደረሰው በኋላ ከሚፈልገው ይቀድማል። ሁለተኛው የዱላ አያያዝ ነው፤ በቀኙም በግራውም በኩል የመጣችን ሩር አብርዶ መያዝ መምታትን ያህል ዋጋ አለው። ሦስተኛው ፍጥነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ መፈትለክ አይበቃም፤ ደጋግሞ ሮጦ በመጨረሻው ሰዓትም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከላከል ጉልበት ይፈለጋል። አራተኛው ጠባይ ነው። ሲቀሙት የሚናደድና ዱላውን በሰው ላይ የሚያነሣ ወጣት ምንም ያህል ቢያገባ ቡድኑን ያስከፍላል። አምስተኛው ትምህርት መቀበል ነው፤ ዛሬ የተነገረውን በሚቀጥለው ሳምንት ሜዳ ላይ የሚያሳይ ልጅ ገና ያላለቀ ዕድገት አለው።

እነዚህን ለመለካት ወረቀት፣ እርሳስና የማያዳላ ሰው ይበቃሉ። መዝጋቢው በሙከራ ግጥሚያ ላይ እያንዳንዱ ወጣት ሩርን ስንት ጊዜ እንዳገኘ፣ ስንት ጊዜ እንደተቀማና ስንት ጊዜ ለጓደኛው በትክክል እንዳቀበለ ይቆጥራል። ለምሳሌ አንድ ግዙፍ ወጣት 20 ጊዜ ሩር አግኝቶ 12 ጊዜ ቢቀማና 3 ጊዜ ብቻ በትክክል ቢያቀብል፣ ካገኘው ውስጥ 60 በመቶውን አጥቷል ማለት ነው። በጎኑ ያለ ቀጭን ልጅ 12 ጊዜ አግኝቶ 3 ጊዜ ቢቀማና 7 ጊዜ በትክክል ቢያቀብል ያጣው 25 በመቶውን ብቻ ነው። ተመልካች የሚያስታውሰው ግዙፉ ያስቆጠራትን አንዲት ግብ ይኾናል፤ መዝገቡ ግን ቡድኑ በማን በኩል እንደሚተነፍስ ይናገራል። ይህ ማለት ግዙፉ ይቅር ማለት አይደለም። ጥያቄው የት ቢሰለፍ ጉልበቱ ይጠቅማል የሚለው ነው።

ማን ከማን ጋር?

አሰላለፍ ከጥማድ ጋር ይመሳሰላል። ገበሬ ወይፈን ሲያለማምድ ሁለት ወይፈኖችን አንድ ላይ አይጠምድም፤ ልምድ ካለው በሬ ጋር ያጣምረዋል። አሮጌው በሬ ትልሙን ይይዛል፣ ወይፈኑ ደግሞ አካሄዱን ከጎኑ ይማራል። በገናም ሁለት ጀማሪዎች በአንድ ጎን ተከታትለው ቢሰለፉ ተቃራኒ ቡድን ያንን በር ፈጥኖ ያገኘዋል። ጀማሪው በፊቱ ወይም በኋላው ነባር ተጫዋች ሲኖረው ግን ስሕተቱ ይታረምለታል።

አዘጋጆች በአንድ ወገን 10 ተሰላፊ ቢፈቅዱ፣ 3 ከኋላ፣ 4 ከመካከል፣ 3 ከፊት ማሰለፍ ለመጀመሪያ ሙከራ የሚመች ነው። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ሩርን በኃይል ከማራቅ አልፈው ለመካከለኞቹ የሚያቀብሉ ቢኾኑ ይበጃል፤ ከእነርሱ መካከል አንዱ ድምፁ የሚሰማና የሚያዝዝ መኾን አለበት። ከመካከል ያሉት አራቱ ብዙ ይሮጣሉ። ከእነርሱ ሁለቱ የሚቀሙ፣ ሁለቱ የሚያቀብሉ ቢኾኑ ሚዛኑ ይጠበቃል። ፊት ላይ ሦስት ፈጣኖችን መደርደር ያምራል፤ ነገር ግን ሦስቱም ሩርን ይዘው ለመሮጥ ስለሚፈልጉ የሚያቀብል ይጠፋል። አንድ ፈጣን፣ አንድ አቀባይና አንድ በትግል ሩርን የሚያስጥል ተጫዋች በአንድ መስመር ሲኾኑ ግን የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል። ከላይ የተጠቀሱት ሁለት ወጣቶችም በዚህ መንገድ ይጣመራሉ፤ ግዙፉ ሩርን ያስጥላል፣ ቀጭኑ ተቀብሎ ለፈጣኑ ያሻግራል። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲታዩ ጎደሎ የነበሩት አብረው ሙሉ ይኾናሉ።

ግራ እጁን የሚመርጥ ወጣት ካለ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በሜዳ ሆኪ ሕግ ግራ እጅን የሚጠቅም የተለየ ዱላ አይፈቀድም፤ በገና ግን ዱላው ከዛፍ ቅርንጫፍ ስለሚወጣ ተጫዋቹ ለእጁ የሚስማማውን መቁረጥ ይችላል። የአካባቢው የውድድር ደንብ እስከፈቀደ ድረስ እንዲህ ያለው ተጫዋች በግራ ዳር ሲሰለፍ ሩርን ሳይዞር ወደ ውስጥ ለመምታት ይቀለዋል።

መቀየር የሚፈቀድ ከኾነ ተቀያሪዎች በተናጠል ከሚገቡ በጥንድ ቢገቡ ይሻላል። አብረው የተለማመዱ ሁለት ተጫዋቾች ሜዳ ሲገቡ መግባባታቸውን ይዘው ይገባሉ።

የሙከራ ግጥሚያ ሥርዓት

ጥምረት የሚታወቀው በመሞከር ነው፤ ሙከራው ግን ሥርዓት ይፈልጋል። በአንድ ማሳ ላይ ዘሩንም ማዳበሪያውንም በአንድ ዓመት የለወጠ ገበሬ ምርቱ በየትኛው ምክንያት እንደጨመረ አያውቅም። እንዲሁ ከአንድ ግጥሚያ ወደ ሌላው አምስት ሰው የሚቀይር የቡድን መሪ ቡድኑ በማን እንደተሻሻለ ሊያውቅ አይችልም። አንድ መስመር ቢያንስ ለሁለት ግጥሚያ ሳይነካ ከቆየ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ተለውጦ ውጤቱ ቢታይ ፍርዱ ይጠራል። ሙከራው ከደካማ ቡድን ጋር ብቻ ከተደረገም መልካም ጎኑ ብቻ ይታያል፤ ቢያንስ አንዱ ግጥሚያ ከጠንካራ ቡድን ጋር ቢኾን ይመረጣል።

መራጩ ማን ነው የሚለውም መታሰብ አለበት። የወንድሙን ልጅ ወይም የሰፈሩን ሰው የሚመርጥ መሪ ቡድኑን በዓሉ ሳያልፍ ይከፋፍለዋል። ከተለያየ ሰፈር የመጡ ሦስት ሰዎች በየራሳቸው መዝግበው ኋላ ቢያስተያዩ ቅሬታ ይቀንሳል፤ ያልተመረጠውም ወጣት ምክንያቱን በመዝገብ ሊያየው ይችላል።

ጤናና የእርሻ ሥራ

በፎገራ ሜዳ ወጣትን ከወቅቱ ለይቶ መመዘን አይቻልም። ዝናቡ ሲያበቃ ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወቅት ነው፤ ከሕመም የተነሣ ልጅ ጉልበቱ እስኪመለስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ሳምንት ተመዝኖ «ይደክማል» ተብሎ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ቀኑን ሙሉ ሩዝ ሲያጭድና ሲወቃ የዋለ ወጣት ማታ ቢዘገይም እንዲሁ አያስገርምም። የመስኖ ሽንኩርት ሥራም ብዙ ቤተሰብ የልጆቹን ጉልበት የሚፈልግበት ነው። ስለዚህ የልምምዱ ቀን ከወላጅ ጋር ተመክሮ ቢወሰን፣ በአጨዳ ሳምንት ልምምዱ ቢቀንስና ምዘናው ከዕረፍት በኋላ ቢደረግ ውጤቱ እውነተኛ ይኾናል፤ ቤተሰቡም ልጁን በደስታ ይልካል።

በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለው ብሂል ለአንድ ቀን ማዕረግና ኩራት እንዲቀር ይፈቅዳል፤ ለጉዳት ግን ፈቃድ አይሰጥም። ከእንጨት የተጠረበች ሩር ዓይንንና ጥርስን ልታጠፋ ትችላለች። ለታዳጊዎች ከጠፍር የተሠራች ሩር መጠቀም፣ ዱላን ከትከሻ በላይ አለማንሣትና ቅልጥምን በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል አደጋውን ይቀንሳል። ራሱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያስመለሰው ወይም የተናገረውን የሚረሳ ተጫዋች «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን ወደ ሜዳ መመለስ የለበትም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይገባዋል።

ያልተመረጡትና ገና ያልታዩት

ገና በባህሉ የወንዶች ጨዋታ ኾኖ ቆይቷል። ዘመዱ የሜዳ ሆኪ ግን ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦሊምፒክ የሴቶች ውድድር አለው። በትምህርት ቤት ደረጃ ለሴት ልጆች ዱላና ሩር ቢሰጥ የሚመረጥበት ሰው ቁጥር በአንድ ጊዜ በእጥፍ ይጨምራል።

ከወንዶቹም ዘንድሮ የቀረው ወጣት ከመዝገብ መፋቅ የለበትም። ስሙ፣ የታየበት ቦታና ሊያሻሽለው የሚገባው ነገር ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ለእርሱም ቢነገረው፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ማሳው ሲደርቅ ቡድኑ ከዜሮ አይጀምርም። የዛሬው ተቀያሪ ያን ጊዜ ወይፈን የሚያጣምሩበት ነባር በሬ ሊኾን ይችላል።