ትንሹ ሞተርና የጎጃም ደጋ

የሞተር ጉልበት ስለማሳደግ ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ገንዘብ ብዛት ነው። የታሪኩ መነሻ ግን እጥረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በኦስትሪያ፣ በግሙንድ መንደር፣ ፌሪ ፖርሽና ባልደረቦቹ የመጀመሪያዋን የፖርሽ ስፖርት አውቶሞቢል ሲሠሩ፣ ከጦርነቱ ማግስት የተገኘውን የቮልስዋገን ባለ 1131 ሲ.ሲ. ሞተር መነሻ አደረጉ። የእመቃውን መጠን ከፍ በማድረግና የአየርና የቤንዚን አገባቡን በማሻሻል፣ 25 የነበረውን የፈረስ ጉልበት 35 አደረሱት። እ.ኤ.አ. በ1951 ከዚሁ ዘር የወጣ ባለ 1086 ሲ.ሲ. ሞተር የተገጠመላት ፖርሽ በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በመደቧ አንደኛ ወጣች።

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የዚያው ሞተር ወንድም የሆነው የቮልስዋገን ሞተር በአገራችን መንገዶች ላይ ረጅም ዘመን አገልግሏል፤ ዛሬም በባለቤቶቹ ትጋት የሚንቀሳቀስ አለ። ይሁን እንጂ የጎጃም ደጋ ከአውሮፓ ሜዳ የተለየ ጥያቄ ያቀርብለታል። በጥንት ስሟ መንቆረር የምትባለው ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2450 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ሞተሩም የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ሩብ ያጣ ሞተር ወደ ቀድሞው እንዲመለስ ግን የሚያስፈልገው ጭማሪ ሩብ ሳይሆን ሲሶ ነው።

እንግዲህ እናስላ። ባለ 1300ው ቮልስዋገን የሲሊንደሩ ስፋት 77 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 69 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይዘቱ 1285 ሲ.ሲ. ነው። ኮሎው ሳይለወጥ ስፋቱ 85.5 ሲሆን ይዘቱ 1584 ሲ.ሲ. ይሆናል። ጭማሪው 23 በመቶ ነው፤ ይህም ደጋው የወሰደውን በሙሉ አይመልስም። ባለ 1192 ሲ.ሲ. ሞተር አውጥቶ በባለ 1584ው የተካ ሰው ደግሞ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ያገኘው ትንሹ ሞተር በባሕር ዳርቻ ይሰጥ የነበረውን ያህል ብቻ ነው።

ስለሆነም አቅሙ ውስን የሆነ ባለቤት ሲሊንደር ከመግዛቱ በፊት በርካሹ ይጀምር። በደጋ የካርቡራተሩ ቤንዚን ከአየሩ ይበልጣልና፣ የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ በጠበበ መለወጥና የካንዴላውን እሳት ጊዜ ማስተካከል ይቀድማል። ቶርኖ ቤት የሚያስኬደው ሥራ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ተሽከርካሪ ከ1300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። ለደጋ የጠበበው ቀዳዳ በቆላው ወፍራም አየር ቤንዚን ያሳንሳል፤ እመቃው የበዛ ሞተርም ደጀንን ሽቅብ ሲወጣ በሙቀቱ ላይ ማንኳኳት ይጀምራል። በአየር ብቻ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ ፈጥኖ የሚሮጥ ፈጥኖ መቆም አለበትና፣ ፍሬኑን ሳያድስ ሞተሩን ያጎለበተ ሰው ገንዘቡን ሳይሆን ነፍሱን ነው ያስያዘው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጃችን ያሉት አሮጌ ሞተሮች ዕድሜ እንግዲህ በጠጋኞቻቸው እውቀት የሚወሰን ነው። ይህ እውቀት በአብዛኛው በጋራዥ ሰዎች እጅና ጆሮ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ልኩንና ምክንያቱን በጽሑፍ ማቆየት የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ ነው።