ቫኒላን ያፈራች የአንድ ልጅ ጣት

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተምችም አላወራም። አረፍ ስትሉ የምታነቡት የአንድ ተክል ታሪክ ነው ይዤ የመጣሁት። ተክሉን አይታችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ሽታውን ግን ታውቁታላችሁ። ከተማ ስትወጡ ለልጆች ኬክ ወይም አይስክሬም ከገዛችሁ፣ ያ ደስ የሚለው ሽታ የቫኒላ ነው። (ለነገሩ አብዛኛው የፋብሪካ ማስመሰያ ነው። እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።)

ቫኒላ ኦርኪድ ከሚባለው የአበባ ዘር አንዱ ነው። ኦርኪድ በዓለም ላይ ከ25 ሺህ በላይ ዓይነት አለው። አብዛኛውን ሰው የሚያሳድገው ለውበቱ፣ በቤትና በመስኮት ሥር ነው። ለሚበላ ፍሬው ተብሎ በሰፊው የሚለማው ግን ቫኒላ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። «እኛ አገር ኦርኪድ የት አለ?» እንዳትሉኝ። በደቡብ ምዕራብ የቡና ጫካ ውስጥ ያላችሁ ወገኖች፣ እስቲ ነገ ጠዋት የቡናውን ጥላ ዛፍ ቀና ብላችሁ እዩት። ግንዱና ቅርንጫፉ ላይ ሥሩን ነጭ ክር አስመስሎ የለጠፈ፣ ቅጠሉ ወፈር ያለ፣ ትናንሽ አበባ የሚያወጣ ተክል ካለ ኦርኪድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ተቀጽላ መስሎት ገንጥሎ ይጥለዋል። ተቀጽላ ሥሩን ዛፉ ውስጥ ሰዶ ውሃውን ይመጥጠዋል፤ ኦርኪድ ግን ዛፉን መቀመጫ ነው የሚያደርገው። ውሃውን ከዝናብና ከጭጋግ፣ ምግቡን ከረገፈው ቅጠል ይወስዳል። ዛፋችሁን አይበላም፣ ተዉት።

ወደ ቫኒላ ልመለስ። አገሩ ሜክሲኮ ነው። በምሥራቅ ሜክሲኮ፣ ቬራክሩዝ በሚባለው አካባቢ የሚኖሩ ቶቶናክ የሚባሉ ሕዝቦች ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የሚወጣውን ይህን ሐረግ ያውቁት ነበር። ፍሬው ረጅምና ቀጭን ነው፣ የባቄላ እሸት ይመስላል። እንደተቆረጠ ምንም አይሸትም፤ ሽታው የሚመጣው ሰው ሲሠራው ነው። ቶቶናኮች ያንን ሥራ ያውቁ ነበር። አዝቴክ የሚባሉት ገዢዎች አስገበሯቸውና ቫኒላውን በካካዋ መጠጣቸው ውስጥ ይጨምሩት ጀመር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ስፔኖች መጥተው አዝቴክን አሸነፉ፣ ቫኒላውንም ወደ አውሮፓ ወሰዱት።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አውሮፓውያን ፍሬውን ወደዱት፣ ሐረጉንም ወስደው በመስታወት ቤት ተከሉት። በቅሏል፣ አድጓል፣ አብቧልም። ፍሬ ግን የለም። ወደ ሌሎች ሞቃት አገሮችም ወስደው ሞከሩት፤ ያው ነው። ወደ 300 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የዓለም ቫኒላ ከሜክሲኮና ከዙሪያዋ ብቻ ነበር የሚመጣው። አንድ ሰብል ለሦስት መቶ ዓመት እምቢ ሲል አስቡት! እኛ አንድ ዓመት ማሽላው ካልያዘልን ዘሩን እንራገማለን።

ምክንያቱ አበባው ውስጥ ነው። የዱባን አበባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ወንዴው ለብቻ፣ ሴቴው ለብቻ ነው፣ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች። ቫኒላ ላይ ሁለቱም አንድ አበባ ውስጥ ናቸው፣ ግን በመካከላቸው እንደ መጋረጃ ያለች ስስ ቆዳ አለች። የወንዴው ብናኝ ከላይ፣ የሴቴው መቀበያ ከታች፣ መጋረጃዋ መሀል። ነፋስ አያሻግረውም። በሜክሲኮ ጫካ ያንን የሚያደርጉ የአገሩ ንቦች አሉ፤ ሌላ አገር እነዚያ ንቦች የሉም። በዚህ ላይ አበባው የሚከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ጠውልጎ ይረግፋል።

በ1836 እ.ኤ.አ. ሞረን የሚባል የቤልጂየም ምሁር በሊየዥ ከተማ በመስታወት ቤት ውስጥ በእጁ አዳቅሎ ፍሬ አገኘ፤ የሌላ አገር ሰውም ወዲያው ተከተለው። ነገር ግን ዘዴያቸው ከመስታወት ቤት ወጥቶ ማሳ ላይ አልደረሰም። ገበሬ የሚጠቀምበት ዘዴ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሬዩንዮን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ያን ጊዜ ቡርቦን ነበር የምትባለው፤ ፈረንሳዮች ይገዟታል፣ የሚሠሩት ከአፍሪካና ከማዳጋስካር የመጡ ባሪያዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ቫኒላ ከ1820 ገደማ ጀምሮ እዚያም ተተክሎ ነበር። ፌሬኦል ቤሊየ-ቦሞን የሚባል ባለ እርሻ አንድ ሐረግ ነበረው፣ ወደ ሃያ ዓመት ምንም አላፈራለትም።

እዚህ ሰው ቤት ኤድሞንድ የሚባል ልጅ አለ። በ1829 ተወለደ፣ እናቱ እሱን ስትወልድ ሞተች፣ በባርነት አደገ። ትምህርት ቤት አልገባም። ጌታው ግን ተክል ይወድ ነበርና ከኋላው እያስከተለ አትክልቱን ያሳየው ነበር። አንድ ቀን እንደ ዱባና ሐብሐብ ካለ አንድ ተክል ወንዴውን አበባ ወስዶ ሴቴው ላይ ማሸት እንዴት እንደሆነ አሳየው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልንገራችሁ። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ የዱባ አበባ በእጅ እንደሚዳቀል በወረቀት ተፈትኜ አልፌያለሁ። በተግባር ያየሁት ግን ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ አንዲት እናት ጓሮ ውስጥ ነው። «ንቡ ዘንድሮ ጠፋ» ብለው ወንዴውን አበባ ቀጥፈው በሴቴዋ ላይ ያዞሩት ነበር። ማን እንዳስተማራቸው ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

ኤድሞንድም እንዲሁ ነው። በ1841፣ ገና 12 ዓመቱ ሳለ፣ ጌታው ጠዋት በአትክልቱ ውስጥ ሲያልፍ ያ መካን ሐረግ ላይ ሁለት ፍሬ አየ። ልጁ «እኔ ነኝ ያደረግሁት» አለው። ሰውየው አላመነውም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሌላ ፍሬ ተጨመረ፤ ያኔ «እስቲ አሳየኝ» አለው፣ ልጁም አሳየው። በቀጭን ስንጥር ያችን መጋረጃ ቀና ያደርጋታል፣ በአውራ ጣቱ ብናኙን ወደ ሴቴው መቀበያ ይጫናል። በቃ። ጥቂት ሴኮንድ አይፈጅም። የዱባውን ትምህርት ወስዶ፣ መጋረጃዋን በራሱ ዓይን አግኝቶ፣ መፍትሔውን በራሱ ጣት አወጣው።

ቤሊየ-ቦሞን ለጎረቤቶቹ ነገራቸው። ኤድሞንድንም ከእርሻ ወደ እርሻ ላኩት፣ የሌሎቹን ባሪያዎች እንዲያስተምር። አስቡት እንግዲህ፤ ያ ልጅ ዛሬ እኛ የምንሠራውን የኤክስቴንሽን ሥራ ነበር የሚሠራው፣ ያውም ያለ ደሞዝ። ደሴቷ በ1848 ወደ 50 ኪሎ ቫኒላ ብቻ ነበር ወደ ውጭ የላከችው፤ በ1898 ግን 200 ቶን ደረሰ። ብዙ ባለ እርሻ በለጸገ።

ልጁስ? በ1848 ፈረንሳይ ባርነትን ስትሽር ነጻ ወጣ። ለባለ ባሪያዎቹ ባሪያ ስላጡ መንግሥት ካሳ ከፈላቸው፤ ለባሪያዎቹ ግን ምንም የለም። ኤድሞንድ አልቢየስ የሚል የቤተሰብ ስም ተሰጠው፤ በላቲን «ነጭ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል። ከተማ ወርዶ ወጥ ቤት ተቀጠረ። ከዚያ በሌብነት ተከስሶ እስር ቤት ገባ፤ ለደሴቷ ያደረገው ነገር ተነሥቶለት ከፍርዱ ጊዜ በፊት ተፈታ። በዚያው መሀል አንድ ስመ ጥር የዕፅዋት ባለሙያ «ዘዴውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ። መቼም ባሪያ ልጅ ይህን ያገኛል ብሎ ማመን ለብዙዎች ከብዷቸው ነበር። እዚህ ላይ የድሮ ጌታውን አንድ ነገር አመሰግነዋለሁ፤ ደብዳቤ ጽፎ «ያገኘው ኤድሞንድ ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም» ብሎ መሰከረለት። ይሁንና ምስክር እንጀራ አይሆንም። ኤድሞንድ በ1880 ድሃ ሆኖ ሞተ። ዛሬ በተወለደበት በሴንት ሱዛን ሐውልት ቆሞለታል።

ዘዴው ከሬዩንዮን ወደ ማዳጋስካር ተሻገረ፣ አሁን የዓለምን ቫኒላ በብዛት የምታመርተው እሷ ናት። የሚያለሙትም በአብዛኛው እንደናንተ ትንሽ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዘር አይባዛም፤ የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፣ ስንቅ የለውም፣ የሚረዳው የአፈር ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። (ይህን ያወቀው ኖኤል ቤርናር የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በ1899።) ስለዚህ ከሐረጉ ቁራጭ ይተክላሉ። የሚወጣበት ትንሽ ዛፍ ይሰጡታል፣ ጥላ ያደርጉለታል፣ ሥሩን አፈር ውስጥ አይቀብሩትም፣ የበሰበሰ ቅጠል ያለብሱታል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ወደ ላይ እየሸሸ እንዳይሄድ ሐረጉን መልሰው ያጎነብሱታል፣ አበባውም በእጅ በሚደረስበት ቁመት ይሆናል። ሦስት ዓመት ገደማ ይጠብቃሉ። ሲያብብ በየጠዋቱ እየዞሩ፣ እያንዳንዱን አበባ፣ በስንጥርና በአውራ ጣት ያዳቅላሉ። የለመደ ሰው በቀን ከ1000 በላይ አበባ ይሠራል።

ፍሬው ለመድረስ ዘጠኝ ወር ያህል ይፈልጋል። ከተቀጠፈ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ 60 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ይነከራል፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንዲያልበው ይደረጋል፣ ቀን ቀን ፀሐይ ይሞቃል፣ ከዚያም ሳጥን ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። ሽታው የሚፈጠረው ያኔ ነው። አምስት ስድስት ኪሎ እርጥቡ አንድ ኪሎ ደረቅ ይሆናል።

ስለ ማስመሰያው እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። በ1874 ሁለት የጀርመን ሰዎች የቫኒላን ዋና ሽታ በላቦራቶሪ ሠሩት፣ ከዚያ ወዲህ ኬኩም ብስኩቱም በዚያ ርካሽ ሽታ ነው የሚሠራው። እውነተኛው ቫኒላ ግን የሚፈልገው ገዢ አላጣም፤ ዋጋው ግን ያብዳል። በ2018 አካባቢ አንድ ኪሎ ደረቅ ቫኒላ እስከ 600 ዶላር ደርሶ ከብር ማዕድን በልጦ ነበር። ሌባው በዛ። የማዳጋስካር ገበሬዎች ማታ ማታ ማሳቸው ላይ ያድራሉ፤ እኛ በቆሎ እንደምንጠብቀው ማለት ነው። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ በመርፌ ወግተው የራሳቸውን ምልክት ያደርጉበታል፤ ጠባሳው ሲደርቅም አይጠፋም፣ ሌባ ቢሸጠው ይታወቃል። አንዳንዱ ደግሞ «ከሚሰረቅብኝ» ብሎ ሳይደርስ ይቀጥፈዋል። ያልደረሰ ፍሬ ሽታ የለውም። ገዢው ሸሸ፣ ዋጋውም ከዚያ በኋላ ወረደ፤ በደህናው ጊዜ ተበድረው የተከሉት ተጎዱ። ይህን የቡና ገበሬ ስታነቡ የሆነ ነገር ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም።

«እኛስ ብንተክለው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ደጋና ወይና ደጋ ላይ ያላችሁ አትድከሙ፤ ቫኒላ ብርድ አይችልም፣ ሞቃትና እርጥብ ቆላ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቦታ ያላችሁም ብትሆኑ ከየትም ቁራጭ ገዝታችሁ ከመትከላችሁ በፊት ወረዳችሁ ያለውን ባለሙያ አነጋግሩ፣ ገዢውም ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የዱባውን ግን ዘንድሮ ሞክሩት። ጠዋት፣ አበባው ሳይዘጋ፣ ወንዴዋን ቀጥፋችሁ ቅጠሏን ገፍፋችሁ ሴቴዋ መሀል ቀስ አድርጋችሁ አዙሯት። ስንት እንደያዘላችሁም ጻፉልኝ።