የኦቨርድራይቭ ማብሪያ፣ ሪሌ እና ሶሌኖይድ
ሌይኮክ-ደ ኖርማንቪል፣ ሼፊልድ፣ እንግሊዝ

ኦቨርድራይቭ ከካምቢዮው ኋላ የሚታሰር ተጨማሪ ማርሽ ነው። የመኪናው ፍጥነት ሳይቀንስ የሞተሩን ዙር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያወርዳል፤ በሰበታ ወይም በቡራዩ በኩል ወጥቶ ረጅም መንገድ ለሚሄድ አሮጌ መኪና ትልቅ እረፍት ነው።

ወፍራሙንና ቀጭኑን ሽቦ ያስተያዩ። በቀደሙት ሥሪቶች ኦቨርድራይቩን የሚያስገባው ሶሌኖይድ ለመሳብ ከ15 አምፔር በላይ ይፈልጋል፤ ከሳበ በኋላ 1 አምፔር ገደማ ይበቃዋል። ያን ሁሉ ኃይል በጣት ማብሪያው ማሳለፍ ጫፎቹን ያቃጥላል። ስለዚህ ወፍራሙ ሽቦ ከፊውዝ ወደ ሪሌው፣ ከዚያም ወደ ሶሌኖይዱ ይሄዳል፤ ማብሪያው በቀጭኑ ሽቦ የሚያዘው ሪሌውን ብቻ ነው። በካምቢዮው ላይ ያለችው ትንሽ ስዊች ደግሞ ከላይኛዎቹ ማርሾች ውጭ መስመሩን ትቆርጣለች። እሷን ዘሎ በቀጥታ ማገናኘት ክፉ ስህተት ነው፤ ኦቨርድራይቩ እንደያዘ መኪናው ወደ ኋላ ቢነዳ ውስጡ ይሰበራል።

ማብሪያው ከመሪው ሥር ወይም ከማርሽ ዘንጉ አናት ላይ ይገጠማል፤ ዓይን ከመንገዱ ሳይነሳ እጅ ሊያገኘው ይገባል። ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ኦቨርድራይቩን አጥፍቶ በከባድ ማርሽ መውረድ አለበት፤ አለዚያ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።